ሉፑን ለማስወጣት የሄድኩባቸው ቀናት

ሉፑን ያስገባሁት ዓረብ አገር ልሄድ ሦስት ሳምንት ሲቀረኝ ነበር። ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። ደብረ ታቦር አንድ ምግብ ቤት ውስጥ ሰሃን እያጠብኩ ፓስፖርቴን እጠብቃለሁ። ከዚያው አገር የተመለሰች አንዲት የሥራ ባልደረባዬ አንድ ቀን ወደ ጓሮ ጠራችኝና፣ «የምትገቢበትን ቤት አታውቂውም። የቤቱን ወንዶችም አታውቂያቸውም። ከመሄድሽ በፊት ራስሽን ጠብቂ» አለችኝ። ምን ማለቷ እንደሆነ ወዲያው ገባኝ።

በማግስቱ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ነርሷ መርፌውንም፣ ክንድ ውስጥ የሚቀበረውንም፣ ማህፀን ውስጥ የሚቀመጠውንም አሳየችኝ። መርፌው በየሦስት ወሩ መወጋት አለበት፤ እዚያ ማን ይወጋኛል? ክንድ ላይ ያለው ደግሞ ሲዳሰስ ይታወቃል፤ አሠሪዎቼ ቢያገኙብኝስ ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ ማህፀን ውስጥ የሚቀመጠውን፣ ሉፑን መረጥኩ። ነርሷ ቀኑን ጽፋ ካርድ ሰጠችኝ። እስከ አሥራ ሁለት ዓመት እንደሚያገለግል፣ በፈለግሁ ቀን ግን መጥቼ ማስወጣት እንደምችል ነገረችኝ።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ የፈራሁት ነገር አልደረሰብኝም። ሥራው ወገብ የሚቆርጥ ቢሆንም የገባሁበት ቤት ሰዎች ክፉ አልነበሩም። አምስት ዓመት ሠርቼ ስመለስ ሁለት የስፌት መኪና ገዛሁና ከገበያው በላይ በአንዲት ጠባብ ክፍል ልብስ መስፋት ጀመርኩ። ነሐሴና መስከረም የተማሪ ዩኒፎርም፣ ጥምቀትና ፋሲካ ሲደርስ የሀበሻ ቀሚስ፣ በቀረው ጊዜ የተቀደደ ሱሪና የተበላሸ ዚፕ። የክፍሏን በር ዝገት በልቶት ስለነበር አንድ የብየዳ ባለሙያ ጠራሁ። አዲስ በር ሠርቶ ገጠመልኝ። ከዚያ በኋላ ቁልፉን ላስተካክል እያለ ሦስት ጊዜ ተመላለሰ። በሦስተኛው ጊዜ ቁልፉ ምንም እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቅ ነበር። በዓመቱ ተጋባን።

ስንጋባ ሉፑ እዚያው ነበር። ለባለቤቴም አልነገርኩትም።

ምክንያት ነበረኝ። የተወለድኩት ጉና ሥር፣ ገብስና ድንች በሚበቅልበት መንደር ነው። በአሥራ አምስት ዓመቴ ዳሩኝ፤ በአሥራ ስድስት ዓመቴ አረገዝኩ። ምጡ ሁለት ቀን ያዘኝ። በሦስተኛው ቀን ማለዳ የመንደሩ ወንዶች በቃሬዛ ተሸክመው ወደ መኪና መንገድ አወረዱኝ። ሐኪም ቤት ስደርስ ልጁ ሞቶ ነበር። ወንድ ነው አሉኝ፤ እኔ አላየሁትም። እኔ ሳልነቃ ቀበሩት። ያንን ትዳር ጥዬ ወደ ከተማ የመጣሁት ከዚያ በኋላ ነው። ባለቤቴ ቀደም ሲል አግብቼ እንደነበር ያውቃል፤ ስለ ልጁ ግን አንድም ቀን አላነሳሁለትም። እርግዝና በተነሳ ቁጥር ዓይኔ ላይ የሚመጣው ያ ቃሬዛ ነበር። ሉፑ ሆዴ ውስጥ እስካለ ድረስ ማንም ተሸክሞ የትም አይወስደኝም እያልኩ እጽናና ነበር።

የመጀመሪያው ዓመት አለፈ፤ ሁለተኛውም አለፈ። ባለቤቴ ዝምተኛ ስለሆነ አይናገርም። ሰው ግን ይናገራል። ልብስ ሊለኩ የሚመጡ ሴቶች የራሳቸውን ወገብ እያስለኩ የእኔን ሆድ ያያሉ። «የዓረብ አገር ሙቀት ማህፀን ያደርቃል» ስትል በጆሮዬ የሰማኋት ደንበኛ አለች። ሜትሬን ጠቀለልኩ።

በኅዳር መጨረሻ አማቴ ከገጠር መጡ። የሚኖሩት ወደ እብናት በሚወስደው በኩል፣ ጤፍና ስንዴ በሚያርስ ቤት ነው። ስድሳን ያለፉ፣ ቀጭን፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሴት ናቸው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው እጄን ያዙኝ።

«ልጄ፣ ልወቅስሽ አልመጣሁም» አሉ። «ልጅ የሚሰጥ እሱ ነው። ሰባት ቀን ጠበል እንግባ። ብቻሽን አልልክሽም፤ አብሬሽ እነከራለሁ።»

«እማማ፣ ጉልበትዎን ያምዎታል፤ ብርዱም አይቻልም» አልኳቸው።

«የኔን ጉልበት ተይው።»

እውነቱን መናገር ያለብኝ ያኔ ነበር። አፌ ግን አልከፈት አለኝ። በነጋታው ገና ፀሐይ ሳትወጣ ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው ጠበል ወረድን። ውርጩ ሣሩን አንጥቶታል። ሴቶች ተራቸውን ይጠብቃሉ፤ እየጮሁ ገብተው እየተንቀጠቀጡ ይወጣሉ። አማቴ በየቀኑ ከእኔ ቀድመው ገቡ። በአምስተኛው ቀን ሲወጡ ከንፈራቸው ጠቁሯል፤ ጥርሳቸው ይንገጫገጫል። ጋቢ ላለብሳቸው ስጠጋ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ «የልጄን ሚስት ማህፀኗን ክፈትላት፤ የዘጋባትን አንሣላት» እያሉ ሲለምኑ ሰማሁ።

ማህፀኔን የዘጋው ምን እንደሆነ እኔ አውቃለሁ። ካርዱ ሻንጣዬ ሥር ነው። እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም።

ሰባቱ ቀን አልቆ አማቴን መኪና ካሳፈርኳቸው በኋላ ወደ ቤት የሄድኩት በእግሬ ነው። መንገዱን በሙሉ ራሴን ስጠይቅ ነበር። ልጅ እፈልጋለሁ? አዎ፣ እፈልጋለሁ። እፈራለሁ? አዎ፣ እፈራለሁ። ሁለቱም እውነት ነበሩ። ፍርሃቱ ለቆኝ እስኪሄድ ብጠብቅ ግን ዕድሜዬ አይጠብቀኝም፤ ሠላሳ አንድ ሞልቶኛል። ሰው ስላማኝ ወይም አማት ስለተቸገሩ አላስወጣውም፤ ስለምፈልግ አስወጣዋለሁ አልኩ። ከዚያ በፊት ግን ለባለቤቴ እነግረዋለሁ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ግቢ ውስጥ ፀሐይ ልንሞቅ ተቀመጥን። እሱ የሥራ ጫማውን ይጠርጋል።

«አንድ ነገር ልነግርህ ነው። እስክጨርስ አታቋርጠኝ» አልኩት።

ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኩት። ሉፑን ለምን እንዳስገባሁ፣ ቃሬዛውን፣ የሞተውን ልጅ፣ ሁለት ዓመት ዝም ማለቴን። ጫማውን መሬት ላይ አስቀመጠ።

«ሁለት ዓመት ሙሉ?» አለኝ።

«ሁለት ዓመት ሙሉ።»

«እናቴ በዚያ ብርድ ስትነከር ቆመሽ አየሻት?»

«አየኋቸው። ዛሬ የምነግርህ በዚያ ምክንያት ነው። ሉፑን ላስወጣው ነው።»

ጫማውን አንሥቶ ወደ ቤት ገባ። በማግስቱ ማለዳ ጃኬቱን ለብሶ፣ «ውቂያ ላግዛቸው እሄዳለሁ» አለ።

«መቼ ትመለሳለህ?»

«አላውቅም» ብሎ ወጣ።

በሩን ዘግቼ ትንሽ አለቀስኩ። ከዚያ ፊቴን ታጠብኩ። እሱ እስኪመለስ ልቀመጥ? ቢመለስም ባይመለስም ይህ የእኔ ሰውነት ነው፤ የእኔም ውሳኔ ነው። የወር አበባዬ እሑድ ማታ ጀምሮኝ ሁለተኛ ቀኑ ነበር። ያኔ ሉፑን ያስገባችልኝ ነርስ፣ ለማስወጣት በማንኛውም ቀን እንደሚቻል፣ በወር አበባ ጊዜ ግን የማህፀን አፍ ትንሽ ስለሚላላ እንደሚቀል ነግራኝ ስለነበር ቀኑን ወደድኩት። ካርዱን ከሻንጣዬ ሥር አውጥቼ ጤና ጣቢያ ሄድኩ።

ወንበሩ ላይ ልጅ ሊያስከትቡ ከመጡ እናቶች መሀል ተቀምጬ ተራዬን ጠበቅሁ። ያስተናገደችኝ ሲስተር ሃምሳ ዓመት ሳይሞላት አይቀርም፤ መነጽሯን ግንባሯ ላይ አድርጋ ካርዴን አየችው።

«ስምንት ዓመት ሆኖታል» አለች። «ገና ጊዜ አለው። ለምን ልታስወጪው ፈለግሽ?»

«መውለድ ስለምፈልግ።»

«የሚያስቸግርሽ ነገር አለ? ብዙ መድማት? ከሆድሽ በታች ሕመም? ሽታ ያለው ፈሳሽ?»

«የለም።»

«ባለቤትሽ ያውቃል?»

«ያውቃል። ባያውቅም ግን አስወጣው ነበር» አልኳት፤ ድምፄ ከጠበቅሁት በላይ ጠነከረ።

ሳቀች። «የእሱን ፈቃድ አምጪ አላልኩሽም። ለመውለድ ሁለት ሰው ስለሚያስፈልግ ነው የጠየቅሁሽ።»

እኔም ሳቅሁ። ያን ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር። በሽንት እርግዝና አለመኖሩን ካረጋገጠች በኋላ የምታደርገውን አስቀድማ ነገረችኝ። ከሉፑ ጫፍ ቀጭን ክር ተንጠልጥሏል፤ ክሩ ከማህፀን አፍ ትንሽ ይወጣል። እሱን በመቆንጠጫ ይዛ ቀስ ብላ ትስባለች። የሉፑ ሁለት ክንዶች ወደ ላይ ይታጠፉና ይወጣል። አንድ ሁለት ደቂቃ ነው፤ ማደንዘዣ አያስፈልገውም። እንደ ወር አበባ ቁርጠት ያለ ስሜት ይኖራል።

ተኛሁ፤ ጉልበቴን አጥፌ ከፈትኩ። እንደ ዳክዬ አፍ የሚከፈተውን መሣሪያ አስገባች። ቀዝቃዛ ነው፤ ይጨንቃል እንጂ አያምም። መብራቷን ጠጋ አድርጋ አየች። እንደገና አየች።

«ክሩ አይታየኝም» አለች።

በቀጭን ብሩሽ የማህፀኑን አፍ ዞር ዞር እያደረገች ክሩን ለመሳብ ሞከረች። አልመጣላትም። መሣሪያውን አውጥታ፣ «ተነሺና ተቀመጪ፤ አትደንግጪ» አለችኝ።

«ወጥቶ ልቤ ጋ ሄዷል ማለት ነው?» አልኳት። ከሱቄ አጠገብ ሽንኩርት የምትሸጠው ጎረቤቴ ሉፕ ልቧ ላይ ወጥቶ የሞተች ሴት አለች ብላ ስታወራ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ።

«ማህፀን እንደ ከረጢት ነው፤ ወደ ልብ የሚወስድ መንገድ የለውም» አለች፤ ወረቀት አውጥታ ሣለችልኝ። «ክሩ ሲጠፋ ብዙ ጊዜ ወደ ላይ ተጠቅልሎ ገብቶ ነው። አንዳንዴ ሴትየዋ ሳታውቀው ሉፑ ራሱ ወጥቶ ወድቆ ይሆናል። በጣም ጥቂት ሴቶች ላይ ደግሞ ማህፀኑን በስቶ ወደ ሆድ ያልፋል፤ እሱንም ቢሆን ሐኪም ያወጣዋል። የትኛው እንደሆነ በአልትራሳውንድ ይታያል። እኔ ሳላየው በጭፍን አልጎረጉርም፤ ወደ ሆስፒታል እጽፍልሻለሁ።»

የሐሙስ ቀጠሮ ተያዘልኝ። ከዚያ እስከ ሐሙስ ያሉት ቀናት እንዴት ረዘሙ! ስፌት ላይ ብቀመጥ መርፌው ጣቴን ይወጋኛል። ሆዴን በእጄ እየጫንኩ፣ አለህ ወይ እያልኩ እጠይቀዋለሁ። ጎረቤቴ ምን ሆነሽ ስትለኝ ጉንፋን ነው አልኳት። ልቅር የሚል ሐሳብ መጣብኝ። ሉፑ እኮ ገና አራት ዓመት ይቀረዋል። ሐሳቡ ሲመጣ የቀጠሮ ወረቀቱን አውጥቼ የስፌት መኪናው ላይ አጣበቅሁት፤ የሚያየው ይየው ብዬ።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ባለቤቴ ተመለሰ። ፀጉሩ ላይ የውቂያ አቧራ አለ። ሱቄ ድረስ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ወረቀቱን አነበበው።

«ሄድሽ ማለት ነው?»

«ሄድኩ። ክሩ አልተገኘም። ነገ በአልትራሳውንድ ያዩታል።»

«ብቻሽን?»

«ሳስገባውም ብቻዬን ነበርኩ።»

ለደንበኛ ያስቀመጥኳት በርጩማ ላይ ቁጭ አለ። ለረጅም ጊዜ መዳፉ ላይ ያለውን የብየዳ ጠባሳ ሲያሻሽ ቆየ።

«የተናደድኩት ስለ ሉፑ መስሎኝ ነበር» አለ። «እዚያ ሆኜ ሳስበው፣ ስለ ልጁ አለመንገርሽ ነው የቆጨኝ። ለምን?»

«ባወራሁት ቁጥር እንደ አዲስ የሚሞት ይመስለኝ ነበር።»

አንገቱን ደፋ። «ለእናቴ አልነገርኳትም። እኔ ልንገራት?»

«አይሆንም። የተነከሩት ለእኔ ነው፤ እኔ ነኝ የምነግራቸው።»

«እሺ። ነገ ግን አብሬሽ እሄዳለሁ። እንቢ ብትዪም እሄዳለሁ።»

እንቢ አላልኩም።

ሐሙስ ማለዳ ሽንቴን እንድይዝ ውኃ ጠጥቼ ሄድኩ፤ ፊኛ ሲሞላ ማህፀን በደንብ ይታያል ተብያለሁ። ሐኪሟ ወጣት ሴት ነበረች። ሆዴ ላይ ቀዝቃዛ ቅባት ቀብታ መሣሪያውን ወዲያ ወዲህ አንሸራተተችው። ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችልኝ።

«ይኸው፤ ነጭ መስመሩን አየሽው? ቦታው ላይ ነው። ክሩ ብቻ ነው ወደ ውስጥ የገባው። ዛሬውኑ እናወጣዋለን።»

በግራጫው መሀል ያለችው ያቺ አጭር ነጭ መስመር ናት እንግዲህ ያን ሁሉ ሌሊት እንቅልፍ የነሳችኝ።

የሕመም ማስታገሻ ክኒን ሰጥተውኝ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆየሁ። ሽንቴን ሸንቼ ወደ ሌላ ክፍል ገባሁ። ባለቤቴ ኮሪደሩ ላይ ቀረ። አንዲት አዋላጅ ነርስ አጠገቤ ቆመች። ሐኪሟ መሣሪያውን በሞቀ ውኃ አሙቃ አስገባችው። የማህፀኑን አፍ በፈሳሽ ስታጸዳው በረደኝ።

«አሁን ረጅምና ቀጭን መቆንጠጫ አስገባለሁ» አለች። «ክሩ በቦታው ቢሆን ይህ አያስፈልግም ነበር፤ ስለዚህ ከተለመደው ትንሽ ይበልጥ ያምሻል። ስልሽ በረጅሙ ተንፍሺ። አቁሚ ካልሽኝ አቆማለሁ።»

«እሺ።»

«ተንፍሺ።»

ከእምብርቴ በታች የሆነ ነገር ጨመደደኝ። የወር አበባ ቁርጠት ነው፣ ግን የሦስት ቀኑ በአንድ ላይ የመጣ ዓይነት። ወገቤ ድረስ ተሰማኝ። የአልጋውን ጠርዝ ያዝኩ። ላብ ግንባሬ ላይ መጣ።

«አመለጠኝ» አለች ሐኪሟ። «ላቁም? ትንሽ ማረፍ ትፈልጊያለሽ?»

ያ ቃሬዛ ዓይኔ ላይ መጣ። ያኔ ማንም አልጠየቀኝም ነበር። አሁን ግን የምትጠይቀኝ ሰው አለች፤ መልሱም በእኔ እጅ ነው።

«አያቁሙ፤ ይቀጥሉ» አልኩ።

«ጀግና ነሽ። ተንፍሺ።»

አዋላጇ እጄን ያዘችኝ። ተነፈስኩ። ቁርጠቱ አንዴ ጠብቆ መጣ፤ ከዚያ አንድ ነገር ሾልኮ ሲወጣ ተሰማኝ። ወዲያው ሆዴ ላላ።

«ወጣ! አለቀ።»

«ልየው?» አልኩ።

በትንሽ የብረት ሳህን አድርጋ አሳየችኝ። ከትንሿ ጣቴ ያጠረ፣ ሁለት ክንድ ያለው ነጭ ፕላስቲክ ነው። የተጠመጠመበት መዳብ ጠቁሯል፤ ክሩ ተጠቅልሎ እንደተበላሸ ስፌት ሆኗል። ሐኪሟ አገላብጣ አየችው፤ ሁለቱም ክንዶች ሙሉ መሆናቸውን፣ የተሰበረ አለመኖሩን አረጋገጠችና ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ጣለችው። ስምንት ዓመት ተሸክሜው ዞሬያለሁ፤ ባሕርም ተሻግሯል። ምንም አላዘንኩለትም።

ቶሎ እንዳልነሳ ነገረችኝ፤ አንዳንድ ሴት ያዞራታል። ትንሽ አረፍ ካልኩ በኋላ ተቀመጥኩ። አንድ ሁለት ቀን ቁርጠት፣ ለጥቂት ቀናትም ትንሽ ደም ሊኖር እንደሚችል ነገረችኝ። ደሙ ከበዛ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ ሽታ ያለው ፈሳሽ ካየሁ ወይም ሕመሙ እየባሰ ከሄደ ወዲያው እንድመለስ አስጠነቀቀችኝ።

«ከዛሬ ጀምሮ ማርገዝ ትችያለሽ» አለች። «ሉፕ የመውለድን ነገር አያዘገይም። ይህን ፎሊክ አሲድ በየቀኑ ዋጪ።»

ልወጣ ስል ተመለስኩ። ስለ መጀመሪያው ልጅ ነገርኳት። እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ሰማችኝ።

«አሥራ ስድስት ዓመትሽ ነበር» አለች። «ሰውነትሽ ገና አላደገም፤ መንገዱም ሩቅ ነበር። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። ስታረግዢ በመጀመሪያው ወር ነይ፤ ይህንንም ታሪክ ለሚያይሽ ሁሉ ንገሪ፣ አትደብቂው። ምጥ ሲጀምርሽ ቤት አትቆዪ።»

ከዚያ በፊት ጥፋቱ ያንቺ አይደለም ያለኝ ሰው አልነበረም። ለአሥራ አምስት ዓመት ያህል ጥፋቱ የእኔ ይመስለኝ ነበር።

ባለቤቴ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ባጃጅ ውስጥ ስንገባ ሹፌሩን ኮብልስቶኑ ላይ ቀስ በል እያለ አሰለቸው። ቤት ስንደርስ ፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ ሙቅ ውኃ ሞልቶ በነጠላ ጠቅልሎ ሆዴ ላይ አደረገልኝ። ያን ቀን ቆረጠኝ፤ በማግስቱ ቀለለኝ። በሦስተኛው ቀን ስፌቴ ላይ ነበርኩ። ደሙም ጠብ ጠብ እያለ ቆይቶ ቆመ።

የከበደኝ የቀጣዩ ቅዳሜ ነው። አማቴ ለገበያ ሲመጡ እኛ ቤት ገቡ። እግራቸውን አጠብኩላቸው። ከዚያ መሬት ላይ እግራቸው ሥር ተቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኳቸው። አላቋረጡኝም።

«ያን ሁሉ ቀን ስነከር ታውቂ ነበር?» አሉ በመጨረሻ።

«አውቅ ነበር፣ እማማ። ይቅር ይበሉኝ። ማህፀኔን ስለዘጋሁት ይቅርታ አልጠይቅም፤ ፈርቼ ነው፤ መብቴም ነበር። እርስዎን ዝም ብዬ ስላየሁዎት ነው ይቅርታ የምለምነው።»

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ቆይተው፣ «ልጁ ወንድ ነበር?» አሉኝ።

«ወንድ ነው ብለውኛል። አላየሁትም።»

«እኔ ሦስት ቀብሬያለሁ» አሉ። «ሦስቱንም ግን አይቻቸዋለሁ። አንቺ አላየሽውም።» ምሳ በሉልኝ ብላቸው እንቢ ብለው ሄዱ።

ሁለት ወር አልመጡም። ባለቤቴ ሲሄድ ሰላምታ እልካለሁ፤ መልስ የለም። ልቤ ቢያዝንም እውነቱን በመናገሬ አልተጸጸትኩም። ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል፣ በቅበላው ሰሞን፣ አንድ ቀን በሩ ተንኳኳ። አማቴ አንድ ጣሳ ቅቤ ይዘው ቆመዋል።

«ጉልበቴን በዚህ ቅቤ እሺልኝ» ብለው ገቡ። ስለ ጠበሉ ከዚያ በኋላ አላነሱም።

እርግዝናው ቶሎ አልመጣም። አንድ ወር፣ ሁለት ወር፣ አምስት ወር። «ሉፑ ነው ያበላሻት» የሚል ወሬ ደግሞ ተጀመረ። ጤና ጣቢያ ያለችውን ሲስተር ሄጄ ጠየቅኋት። «የሉፑ ነገር አይደለም፤ ጤነኛ ሰዎችም እስከ ዓመት ሊቆዩ ይችላሉ። ዓመት ካለፈ ሁለታችሁም ኑ፣ እንመረምራችኋለን» አለችኝ። ክኒኔን እየዋጥኩ ጠበቅሁ። ሰው ሲጠይቀኝ፣ «ጊዜው ሲደርስ ታያላችሁ» እያልኩ ሥራዬን እሠራ ነበር። በስምንተኛው ወር፣ የዩኒፎርም ሥራ በተደራረበበት የነሐሴ ሰሞን፣ የወር አበባዬ ቀረ።

ክትትሌን አንድም ቀን አላጓደልኩም። ታሪኬንም ላየኝ ሁሉ ተናገርኩ። ምጡ ሲጀምረኝ ባጃጅ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ሆስፒታል አደረሰን። አሥራ አንድ ሰዓት አማጥኩ። ፈርቼ ነበር፤ ግን በየጊዜው እየመጡ የልጁን የልብ ምት ያዳምጡ ነበር፤ ድምፁንም አሰሙኝ። ሴት ልጅ ወለድኩ። ከመታጠቧ በፊት ደረቴ ላይ አደረጓት፤ ፊቷን አየሁት።

በአርባ አምስተኛው ቀን ለክትትል ስንሄድ ባለቤቴ ልጅቷን ታቅፎ አብሮኝ ገባ። ሲስተር የቤተሰብ ምጣኔውን ወረቀት አውጥታ፣ «ቀጣዩን መቼ ነው ያሰባችሁት?» አለች።

እሱ ወደ እኔ አየ።

«ከሦስት ዓመት በፊት አይሆንም» አልኩ።

«ሦስት ዓመት ጥሩ ነው» አለ እሱ፤ ከዚያ ወደ ሲስተሯ ዞሮ፣ «ምን ምን ዓይነት አለ? ለእኔም አስረጂኝ» አላት።

ሲስተሯ ወንበሩን ወደ እሱ ገፋችለትና ከመጀመሪያው ጀምራ ታስረዳው ጀመር።